ሜይል ሰርቨሩ ዳይሬክተሪውን ሲያጣው፦ ስለ ኤክስቼንጅና ስለ አክቲቭ ዳይሬክተሪ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጠዋት ቢሮ ገብታችሁ ቦርሳችሁን ሳታስቀምጡ ስልክ ይጮሃል። «ሜይል አልገባልኝም» ይላሉ ከሂሳብ ክፍል። ቀጥሎ ግዥ ክፍል ይደውላል፤ ቀጥሎ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ። ሰርቨሩ በርቷል። ዲስኩ አልሞላም። ኢንተርኔቱም አለ። እንዲህ ሲሆን እጃችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ሜይል ሰርቨሩ ነው። እኔ ግን በዚህ ሥራ ስቆይ ደጋግሜ ያየሁት ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ሜይል ሰርቨሩ ጤነኛ ነው፤ መልስ ያልሰጠው እሱ የሚጠይቀው ሌላ ማሽን ነው።

ይህ ገጽ ማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ የተባለውን ሜይል ሰርቨር በራሳቸው ሰርቨር ሩም ለሚያስተዳድሩ ባልደረቦቼ ነው። በሊኑክስ ለምትሠሩም ወደ መጨረሻው አካባቢ ጥቂት አለ።

ሜይል ሰርቨር ዳይሬክተሪ ምን ያደርግለታል?

የቤት ቁጥር በማይታወቅበት ሰፈር ዕቃ የሚያደርስ ሞተረኛ አስቡ። ሰፈሩ ድረስ ይመጣል። ከዚያ ሱቅ ጠጋ ብሎ «የእነ እገሌ ቤት የቱ ነው?» ይላል። ባለሱቁ ከሌለ ዕቃውን እንደያዘ ይቆማል። ኤክስቼንጅም ልክ እንደዚያ ነው። ተጠቃሚው ማን እንደሆነ፣ የሜይል ሳጥኑ የትኛው ዳታቤዝ ላይ እንዳለ፣ ግሩፑ ውስጥ እነማን እንዳሉ የሚያውቀው አክቲቭ ዳይሬክተሪን፣ ማለትም የመሥሪያ ቤቱን ተጠቃሚዎችና ኮምፒውተሮች የያዘውን የማይክሮሶፍት መዝገብ፣ ጠይቆ ነው። የራሱ ሴቲንግ እንኳ አብዛኛው የተቀመጠው እዚያው አክቲቭ ዳይሬክተሪ ውስጥ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ኤክስቼንጅ 5.5 የራሱ ዳይሬክተሪ ነበረው። ከኤክስቼንጅ 2000 ወዲህ ግን ሙሉ በሙሉ አክቲቭ ዳይሬክተሪ ላይ ተደግፏል።

የሚጠይቃቸው ሰርቨሮች ዶሜይን ኮንትሮለር ይባላሉ። ከእነሱ መካከል ግሎባል ካታሎግ የሚባለውን ሥራ ደርበው የያዙ አሉ። ግሎባል ካታሎግ በፎረስቱ (በመሥሪያ ቤቱ ዶሜይኖች ስብስብ) ውስጥ ያሉትን የሁሉንም ዶሜይኖች ሰዎች ባጭሩ የያዘ መዝገብ ነው። ኤክስቼንጅ ያለ እሱ መሥራት አይችልም። አንድ ዶሜይን ኮንትሮለር ብቻ ያላችሁ ከሆነ እሱ የግድ ግሎባል ካታሎግ መሆን አለበት።

ችግሩ የዳይሬክተሪ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

አውትሉክ ፓስወርድ ደጋግሞ ይጠይቃል። የኤክስቼንጅ ማኔጅመንት ሼል ሲከፈት ይንቀረፈፋል ወይም በስህተት ይዘጋል። የሚላኩ ሜይሎች ሰብሚሽን በሚባለው ወረፋ ላይ ተከማችተው ይቀራሉ፤ ምክንያቱም ተቀባዩን የሚለይ የለም። ሰርቪሶቹ «በመጀመር ላይ» እንዳሉ ደርቀው ይቆማሉ።

ይህን ካያችሁ በኤክስቼንጁ ላይ ኢቨንት ቪውወርን ክፈቱና አፕሊኬሽን ሎግ ውስጥ ምንጩ ኤምኤስኤክስቼንጅ ኤዲአክሰስ የሆነውን ፈልጉ። 2102 የሚል የኢቨንት ቁጥር ካገኛችሁ፣ ይጠቀምባቸው የነበሩት ዶሜይን ኮንትሮለሮች በሙሉ መልስ አልሰጡም ማለት ነው። 2103 ያንኑ ስለ ግሎባል ካታሎጎቹ ይናገራል። 2114 ደግሞ «ማን ማን እንዳለ ለማጣራት ሞክሬ አልተሳካልኝም» የሚል ነው። ከሦስቱ አንዱ ካለ የሜይል ዳታቤዙን አትንኩ። ችግሩ እዚያ አይደለም።

ሰርቨሩን ሪስታርት ላድርገው?

ገና አታድርጉ። ስልኩ ሲጮህ እጅ እንደሚያሳክክ አውቃለሁ። ግን ዶሜይን ኮንትሮለሩ የማይመልስ ከሆነ ኤክስቼንጁ ተመልሶ ሲነሳ የበለጠ ይቸገራል። አሁን ቢያንስ የተወሰኑት ሰርቪሶች እየሠሩ ነው። ከሪስታርት በኋላ እነሱም ላይነሱ ይችላሉ። መጀመሪያ ምክንያቱን እዩ።

ኢቨንት 2080 እንዴት ነው የሚነበበው?

ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህ ይሁን። ኤክስቼንጅ በየ15 ደቂቃው ዙሪያውን ቃኝቶ ያገኛቸውን ዶሜይን ኮንትሮለሮች ይዘረዝራል። ዝርዝሩ የሚጻፈው በ2080 ላይ ነው። ስህተት ስላልሆነ ቀይ ምልክት የለውም፤ ለዚህ ነው ብዙ ሰው አልፎት የሚሄደው።

ለእያንዳንዱ ሰርቨር አንድ መስመር አለ። ከስሙ ቀጥሎ ሦስት ፊደላት ይመጣሉ፦ ሲ፣ ዲ እና ጂ። ሲ የኮንፊገሬሽን፣ ዲ የዶሜይን ኮንትሮለር፣ ጂ የግሎባል ካታሎግ ነው። ከዚያ ቁጥሮች ይከተላሉ። ጤነኛ መስመር ብዙውን ጊዜ ይህን ይመስላል፦

1 7 7 1 0 1 1 7 1

ከግራ እንጀምር። የመጀመሪያው 1 ሰርቨሩ ለአገልግሎት ክፍት ነው ይላል። ሁለተኛው፣ ማለትም 7፣ መድረስ መቻሉን ይነግራል። ይህ ቁጥር ድምር ነው፦ ለግሎባል ካታሎግ 1፣ ለዶሜይን ኮንትሮለር 2፣ ለኮንፊገሬሽን 4። ሲደመር 7 ይሆናል። 6 ካያችሁ የጎደለው 1 ነው፤ ስለዚህ ሰርቨሩ በዶሜይን ኮንትሮለሩ ፖርት 389 ተገኝቷል፣ በግሎባል ካታሎጉ ፖርት 3268 ግን አልተገኘም። ወይ ግሎባል ካታሎግ አይደለም፣ ወይ ፋየርዎል ላይ አንድ ነገር አለ። 0 ካያችሁ ጭራሽ አልተደረሰበትም።

ሦስተኛው ሲንክ መሆኑን በዚያው የድምር ዘዴ ይናገራል። አራተኛው ግሎባል ካታሎግ መሆን አለመሆኑን። አምስተኛው ፒዲሲን (የዶሜይኑን ሰዓት የሚመራውን ሰርቨር) የሚመለከት ነው፤ እዚያ 0 ቢሆን አትደንግጡ። ስድስተኛው ሳክል የሚባለውን የኦዲት ዝርዝር የማንበብ መብት ነው፤ በኔ ልምድ ከሁሉም በላይ ራስ ምታት የሚሆነው እሱ ስለሆነ ከታች ለብቻው እመጣበታለሁ። ሰባተኛው 0 ከሆነ፣ ያ ዶሜይን ኮንትሮለር የናንተን ኤክስቼንጅ መዝገብ ገና አላገኘም፤ በዶሜይን ኮንትሮለሮቹ መካከል ያለውን ሬፕሊኬሽን (መረጃ መቀባበል) መርምሩ። ስምንተኛው ኔትሎጎን የሚባለው የዶሜይን መግቢያ ሰርቪስ ነው፣ እሱም 7 መሆን አለበት። የመጨረሻው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ቨርዥን የሚፈለገውን ማሟላቱን ነው የሚለው።

አንድ ምክር፦ ሁሉም ነገር ደህና በሆነበት ቀን የ2080ን ጽሑፍ ቀድታችሁ አስቀምጡ። በችግር ቀን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስታዩት የተቀየረው ቁጥር ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል።

ሁሉም መስመር 0 ነው። ከየት ልጀምር?

ከዲኤንኤስ፣ ስምን ወደ አይፒ ከሚቀይረው አገልግሎት። ኤክስቼንጅ ዶሜይን ኮንትሮለሩን የሚፈልገው በአይፒ ሳይሆን በስም ነው። ዲኤንኤሱን «የኤልዳፕ (ዳይሬክተሪው የሚጠየቅበት ዘዴ) አገልግሎት የሚሰጥ ማን አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ የሚገኘው ኤስአርቪ በሚባሉ ሪከርዶች ነው።

ብዙ ቦታ ያየሁት ስህተት አንድ ዓይነት ነው። የኤክስቼንጁ ኔትወርክ ካርድ ላይ አንደኛው ዲኤንኤስ የውስጡ ነው፤ ሁለተኛው የጉግሉ 8.8.8.8። ያስገባው ሰው «አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይሠራል» ብሎ በቅንነት ነው። ችግሩ፣ የውስጡ ትንሽ በዘገየ ቁጥር ዊንዶውስ ሁለተኛውን ይጠይቃል። የውጭው ዲኤንኤስ ስለ ቢሯችሁ የውስጥ ዶሜይን አያውቅም፤ «እንዲህ የሚባል ስም የለም» ይላል። ዊንዶውስም ያንን እንደ ትክክለኛ መልስ ይቀበላል። ከዚያ ሜይሉ ለሃያ ደቂቃ ይቆማል፣ ይመለሳል፣ ከሰዓት እንደገና ይቆማል። እንዲህ ሄድ መጣ የሚል ችግር ሲገጥማችሁ መጀመሪያ የምታዩት ቦታ ይኸው ይሁን።

ካርዱ ላይ የውስጥ ዲኤንኤስ ብቻ አድርጉ። 8.8.8.8 ቦታው ዶሜይን ኮንትሮለሩ ላይ፣ ፎርዋርደር (ጥያቄን ወደ ውጭ የሚያስተላልፈው) ውስጥ ነው። ከዚያ በኤንኤስሉካፕ ዓይነቱን ኤስአርቪ አድርጋችሁ ጠይቁ። የዶሜይን ኮንትሮለሮቹ ስም ተዘርዝሮ መምጣት አለበት። ካልመጣ ዶሜይን ኮንትሮለሩ ላይ የኔትሎጎን ሰርቪስን ሪስታርት አድርጉ፤ ሪከርዶቹን መልሶ ያስመዘግባል።

የትኞቹ ፖርቶች ክፍት መሆን አለባቸው?

ዲኤንኤስ 53፣ ከርቤሮስ 88፣ አርፒሲ 135፣ ኤልዳፕ 389፣ ኤስኤምቢ 445፣ የተመሰጠረው ኤልዳፕ 636፣ ግሎባል ካታሎግ 3268፣ የተመሰጠረው ግሎባል ካታሎግ 3269። በተጨማሪ አርፒሲ ራሱ የሚመርጣቸው ከ49152 እስከ 65535 ያሉት አሉ። የሚረሱት እነዚህ የመጨረሻዎቹ ናቸው።

አንድ በአንድ ለመፈተሽ ፓወርሼል ላይ ቴስት-ኔትኮኔክሽን በቂ ነው። የሰርቨሩን ስምና ፖርቱን ስጡት። ፒንግ ስለሠራ ብቻ መንገዱ ክፍት ነው አትበሉ። ፒንግ እየሠራ 3268 የተዘጋበትን ቀን እኔ ግማሹን በከንቱ ፍለጋ አሳልፌዋለሁ። በነገራችን ላይ ማይክሮሶፍት በኤክስቼንጅና በዶሜይን ኮንትሮለር መካከል ትራፊክ የሚያግድ ፋየርዎል እንዲኖር አይደግፍም። የኔትወርክ ክፍሉ «ፖሊሲያችን ነው» ካላችሁ ይህን ይዛችሁ ሂዱ።

የማሽኖች የሰዓት ልዩነት ግንኙነቱን ሊያቋርጥ ይችላል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

እውነት ነው። ከርቤሮስ፣ ማለትም ማንነትን የሚያረጋግጠው ዘዴ፣ በሁለቱ ማሽኖች መካከል ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት ካየ አያምናቸውም። ትክክለኛ ፓስወርድ ይዘው ቢመጡም በሩን ይዘጋል።

እኛ አገር ደጋግሞ የሚገጥም አንድ ነገር አለ። ዊንዶውስ ሲጫን የጊዜ ቀጠናው ብዙውን ጊዜ የአሜሪካ ፓሲፊክ ሆኖ ይመጣል። የጫነው ሰው ቀጠናውን ሳይቀይር ሰዓቱን በእጁ ያስተካክላል። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰዓትና ግድግዳው ላይ ያለው አንድ ነው። ከርቤሮስ ግን የሚያየው የዓለም መለኪያ ሰዓት የሆነውን ዩቲሲ ነው። አዲስ አበባ ከዩቲሲ 3 ሰዓት ይቀድማል፤ ፓሲፊክ 7 ወይም 8 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። ስለዚህ ማሽኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ተሳስቷል፣ ማንም ሳያውቅ። መጀመሪያ ቀጠናውን እዩ፣ ከዚያ ሰዓቱን።

ዶሜይን ኮንትሮለሩ ቨርችዋል ማሽን ከሆነ ደግሞ ሰዓቱን ከሆስቱ እየወሰደ እንዳልሆነ አረጋግጡ። የዶሜይኑ ሰዓት መነሻ ፒዲሲ የሚባለውን ሥራ የያዘው ሰርቨር ነው። እሱ ከታመነ የውጭ ምንጭ ይውሰድ፤ ሌሎቹ በዶሜይኑ በኩል ከእሱ ያገኛሉ።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሁልጊዜ ሜይላችን አይነሳም። ለምን?

ይህን ጥያቄ ከሁሉም በላይ እሰማለሁ። ራሴም አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በደንብ ተምሬበታለሁ። ሌሊት መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ አለቀ፤ ጄኔሬተሩን የሚያስነሳ ሰው አልነበረም። ሊነጋጋ ሲል መብራቱ መጣና ሁሉም ማሽን ባንዴ ተነሳ። ኤክስቼንጁ አዲስ ማሽን ላይ ስለነበር ፈጠነ። ዶሜይን ኮንትሮለሩ አሮጌ ዲስክ ላይ ነበር። ኤክስቼንጁ ተነስቶ ሲጠይቅ የሚመልስለት አልነበረም። የአክቲቭ ዳይሬክተሪ ቶፖሎጂ ሰርቪስ ሳይነሳ ቀረ። በእሱ ላይ የተንጠለጠሉት ሁሉ አብረው ቀሩ። ኔትወርክ ካርዱም ዶሜይኑን ስላላገኘ ራሱን «ፐብሊክ» ብሎ መድቦ ነበር፤ በዚህ የተነሳ የዊንዶውስ ፋየርዎል ሌላ ሕግ ይዞ ሲሠራ አገኘሁት። ደግነቱ በዚያ ቀን ምንም የተበላሸ ነገር አልነበረም። ቅደም ተከተሉ ብቻ ነበር የተዛባው።

ሲገጥማችሁ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ዶሜይን ኮንትሮለሩ ሙሉ በሙሉ መነሳቱን ዲሲዲያግ በሚባለው መመርመሪያ አረጋግጡ። ቀጥሎ የኤክስቼንጁ ኔትወርክ «ዶሜይን» ተብሎ መመደቡን እዩ። ካልሆነ ካርዱን አጥፍታችሁ አብሩት። ከዚያ የቶፖሎጂ ሰርቪሱን አስነሱ፤ ቀጥሎ ሌሎቹን። ቶፖሎጂው ስለተነሳ ብቻ ሌሎቹ ይነሳሉ ብላችሁ አትሂዱ፤ ቆመው የቀሩትን በእጅ ማስነሳት ያስፈልጋል።

ለወደፊቱ ደግሞ ቨርችዋል ማሽኖቹ ላይ የመነሻ ቆይታ አስገቡ። ዶሜይን ኮንትሮለሩ 0 ሰከንድ፣ ኤክስቼንጁ 300 ወይም ከዚያ በላይ። ሁለት ዶሜይን ኮንትሮለር ካላችሁ ሁለቱን አንድ ሆስት ላይ አታድርጓቸው።

ማንም ምንም አልነካም፤ ግን የሳክል ቁጥሩ 0 ሆነ። ይህ ምንድን ነው?

የሆነ ሰው የሆነ ነገር ነክቷል፤ ኤክስቼንጁን ግን አይደለም። ኤክስቼንጅ ሲጫን «ኤክስቼንጅ ሰርቨርስ» ለሚባለው ግሩፕ ዶሜይን ኮንትሮለሮቹ ላይ አንድ መብት ይሰጣል። መብቱ «ማኔጅ ኦዲቲንግ ኤንድ ሴኩሪቲ ሎግ» ይባላል። የሚጻፈውም በዶሜይን ኮንትሮለሮቹ ነባር ግሩፕ ፖሊሲ ውስጥ ነው።

አሁን የደህንነት ክፍሉ አዲስ ፖሊሲ አወጣ እንበል። ያንኑ መብት ለአድሚኖች ብቻ ሰጠ። ግሩፕ ፖሊሲ እንዲህ ያለውን መብት አይደምርም፤ ቅድሚያ ያለው ፖሊሲ የሌላውን ዝርዝር ይተካዋል። ኤክስቼንጅ ከዝርዝሩ ወጣ። የኔትወርኩ መንገድ ክፍት ነው፣ ዲኤንኤሱ ደህና ነው፣ ሰርቨሩ ይመልሳል። ኤክስቼንጁ ግን «ይህ ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። ሁሉም ዶሜይን ኮንትሮለር ላይ እንዲህ ከሆነ ሜይሉ ይቆማል።

መፍትሔው ግሩፑን አዲሱ ፖሊሲ ላይ መጨመር ነው። ከዚያ ዶሜይን ኮንትሮለሩ ላይ ጂፒአፕዴትን አስኪዱና የሚቀጥለውን 2080 ጠብቁ። የኤክስቼንጁ ኮምፒውተር አካውንት ራሱ ከግሩፑ ወጥቶ እንደሆነም እዩ፤ አካውንቶችን የሚያጸዳ ሰው አውጥቶት ያውቃል። አካውንቱን ከመለሳችሁ ኤክስቼንጁን ሪስታርት ማድረግ ያስፈልጋል። እዚህ ጋ ሪስታርቱ ልክ ነው።

ቅርንጫፍ ያለውን ዶሜይን ኮንትሮለር ለምን ይጠይቃል? አጠገቡ ያለው እያለ!

ሳይት (አክቲቭ ዳይሬክተሪ አንድ ቦታ ያሉ ኔትወርኮችን የሚመድብበት ክፍል) ላይ ችግር አለ። የ2080 ዝርዝር «በሳይቱ ውስጥ» እና «ከሳይቱ ውጭ» ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። አጠገባችሁ ያለው ሁለተኛው ውስጥ ከተጻፈ፣ ኤክስቼንጁ ያለበት ሰብኔት አክቲቭ ዳይሬክተሪ ሳይትስ ላይ አልተመዘገበም ወይም ለሌላ ሳይት ተመድቧል። ኤንኤልቴስትን በዲኤስጌትሳይት አስኪዱትና የትኛው ሳይት ነኝ እንደሚል እዩ። አዲስ ሕንፃ ገብታችሁ አይፒ ከቀየራችሁ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ቅርንጫፉ ላይ ያለው ሪድ ኦንሊ ዶሜይን ኮንትሮለር ብቻ ከሆነ ደግሞ አትቁጠሩት። ኤክስቼንጅ እሱን አይጠቀምም።

ኤክስቼንጁን ከአንድ ዶሜይን ኮንትሮለር ጋር ባስረውስ?

ይቻላል። ሴት-ኤክስቼንጅሰርቨር የሚለው ትእዛዝ ላይ ስታቲክ የሚሉ አማራጮች አሉ። ለምርመራ ለአንድ ሰዓት ብታደርጉት አልቃወምም። ረስታችሁት ከቀረ ግን ያ ዶሜይን ኮንትሮለር የሚወጣበት ቀን ይመጣል፤ ያሰረው ሰው ሥራ ለቆ ሊሆን ይችላል፤ ተተኪው ምክንያቱን ሲፈልግ ይውላል። አንዱን የታመመ ሰርቨር ብቻ ለጊዜው ከዝርዝሩ ማግለል ከፈለጋችሁ፣ ለዚያ የተለየ አማራጭ አለ። እሱ ይሻላል።

ኤክስቼንጅና ዶሜይን ኮንትሮለር አንድ ማሽን ላይ ቢሆኑስ?

ይደገፋል፤ አይመከርም። ኤክስቼንጁ ያለበትን ማሽን ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ እሱ ሲታመም ወደ ሌላ አይሄድም። ማሽኑን ማጥፋትም ረጅም ጊዜ ይወስዳል። አንዴ እንዲህ ከተጫነ ደግሞ የዶሜይን ኮንትሮለርነቱን ሥራ አንሱለት ማለት አይቻልም።

አይፒቪ6ን ማጥፋት ይረዳል?

አይረዳም። ካርዱ ላይ ያለውን ምልክት አታንሱ። ማይክሮሶፍት አይመክረውም።

ይህ ሁሉ ሲሆን የሚመጣው ሜይል ይጠፋል?

አለቆች መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህን ነው፤ እውነቱን በእርጋታ ንገሯቸው። የላኪው ሰርቨር መቀበያው ካልመለሰለት ወይም በ4 የሚጀምር ጊዜያዊ ስህተት ከሰጠው ሜይሉን ይዞ ደጋግሞ ይሞክራል። የሊኑክሱ ሜይል ሰርቨር ፖስትፊክስ ሴቲንጉ ካልተቀየረ በቀር 5 ቀን ይጠብቃል፤ ኤክስቼንጅ 2 ቀን። ስለዚህ የግማሽ ቀን መቆም ሜይል ያዘገያል እንጂ አያጠፋም። እናንተ ጋ ወረፋ ላይ ያሉትም እዚያው ናቸው። ወረፋውን «ለማጽዳት» ብላችሁ አትሰርዙ። የሰዎች ደብዳቤ ነው።

እኛ የምንጠቀመው ፖስትፊክስ ነው፤ ተጠቃሚዎቹ ግን አክቲቭ ዳይሬክተሪ ላይ ናቸው።

ሎጉ ላይ «ቴምፖራሪ ሉካፕ ፌይለር» ከ451 ጋር ካያችሁ ዳይሬክተሪው አልመለሰም ማለት ነው። ፖስትማፕን ተጠቅማችሁ አንድ አድራሻ በእጅ ጠይቁ፤ መልሱ ወዲያው ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱ ነው። የመጀመሪያው ፖስትፊክስ የሚገባበት አካውንት ፓስወርድ ጊዜው ማለፉ ነው። ሁለተኛው 636 ላይ ያለው ሰርተፍኬት ማለቁ ወይም የተጻፈበት ስም ከምትጠሩት ስም ጋር አለመመሳሰሉ ነው። ሦስተኛው ፍለጋውን በ389 ከዶሜይኑ አናት መጀመር ነው፤ አክቲቭ ዳይሬክተሪ «እዚያም ጠይቅ» እያለ ሌላ ቦታ ይመራዋል፣ ፍለጋውም ይጎተታል። 3268 ላይ ስትጠይቁ ይህ ይቀራል።

ሁሉንም ሞክሬ አልሆነልኝም። እርዳታ ስጠይቅ ምን ልላክ?

«ሜይል አይሰራም» የሚል መልእክት ማንም ሊረዳበት አይችልም። የቅርቡን 2080 ሙሉ ጽሑፍ ቅዱ፤ ከተቻለ ጤነኛ የነበረበትን ቀንም አብሩ። የ2102፣ የ2103 ወይም የ2114ን ጽሑፍ ከነሰዓቱ ጨምሩ። የዲሲዲያግንና የሬፕአድሚንን ውጤት፣ የኤክስቼንጁን የአይፒና የዲኤንኤስ ሴቲንግ፣ የሁለቱን ማሽኖች ሰዓት ከነጊዜ ቀጠናው አስከትሉ። ባለፈው ሳምንት የተቀየረ ፖሊሲ፣ የተተካ ስዊች ወይም የተጫነ አፕዴት ካለ ትንሽ ቢመስላችሁም ጻፉት። የምትልኩት ከመሥሪያ ቤት ውጭ ላለ ሰው ከሆነ የሰርቨሮቹን ስምና የዶሜይኑን ስም በሌላ ስም ተኩ። አንዱን ስም በሁሉም ቦታ በአንድ ዓይነት መተካታችሁን አረጋግጡ፤ አለዚያ የሚያነበው ሰው የትኛው የትኛው እንደሆነ ይጠፋበታል።